መውደቅና መጣል

ኩባያ የሚያልፈው በሁለት መንገድ ነው፤ ወይ ይሰበራል፣ ወይ ይጣላል። በአያቶቻችን ዘመን ሁለቱ አንድ ነበሩ። የሚጣለው የተሰበረው ነበር፤ ደኅናውን ዕቃ የሚጥል ሰው ጤንነቱ ያጠራጥር ነበር። የተሰበረውም ቢሆን ቶሎ አይጣልም፤ የነቃው ማሰሮ እህል ይቀመጥበታል፣ ገሉ ፍም ይጫርበታል፣ ለዶሮ ውኃ ይቀርብበታል። ፕላስቲክ መጣና መሰበርንና መጣልን አፋታቸው። ዛሬ በየቦዩና በየአጥሩ ሥር ወድቆ ከምናየው ዕቃ ብዙው ደኅና ነው፤ ቢያጥቡት ይጠራል፣ ውኃ ቢቀዱበት ይይዛል። ሳይሰበር ነው የሞተው።

እንግዲህ ስለ ጠንካራ ኩባያ ስንጠይቅ ሁለት ነገር እየጠየቅን ነው። ኩባያው ሲወድቅ ምን ያተርፈዋል? ሰው ሊጥለው እጁን ሲዘረጋስ ምን ያስቆመዋል? የመጀመሪያውን ጥያቄ የፋብሪካ መሐንዲስ ከሞላ ጎደል መልሶታል። ሁለተኛውን ለጌጡ ትተነዋል፤ ዕቃው እንዲወደድና እንዲሳሳለት ከላዩ አበባ እናትምበታለን። ጌጡ ይህን አደራ መሸከም ይችላል ወይ? ይህ ሐተታ የሚመረምረው እሱን ነው።

ነገሩን መሬት ለማስያዝ አልዱባን እንውሰድ። አልዱባ በደቡብ ኦሞ፣ ከቀይ አፈር ወደ ጂንካ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ የበና አገር የገበያ ከተማ ናት። ገበያዋ ማክሰኞ ይቆማል። በናው፣ ፀማዩ፣ ሐመሩና ከደጋው የሚወርደው አሪ ይገናኙባታል፤ ፍየል፣ ማር፣ ቅቤ፣ ማሽላ፣ ትምባሆና የቡና ገለፈት ይሸጥባታል። ቅልም ይሸጥባታል። ሸራ ላይ ተደርድሮ ገዢ የሚጠብቀው ሌላው ዕቃ የመርካቶ ፕላስቲክ ነው፤ ሳፋው፣ ጆጉ፣ ባለ አበባው ኩባያ። ይህ ኩባያ በሶዶ፣ በአርባ ምንጭ፣ በኮንሶና በወይጦ አልፎ ከስድስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዟል። ጥሬ ዕቃው የመጣው ከዚያም ርቆ ነው፤ ከነዳጅ ፕላስቲክ የሚያወጣ ፋብሪካ በአገራችን ስለሌለ፣ ኩባያው አዲስ አበባ ተሠርቶም ቢሆን ፍሬው ባሕር ተሻግሮ የገባ ነው። እንደ አልዱባ ባለ ገበያ ቅልና ፕላስቲክ ለአንድ ሥራ የሚወዳደሩ ሁለት ዕቃዎች ናቸው፤ ገዢዋ ሁለቱንም በእጇ መዝና ትመርጣለች። ፈላስፋ በወረቀት ላይ የሚያወዳድረውን እሷ በገንዘቧ ታወዳድረዋለች።

«ቅል በአገሩ ድንጋይ ይሰብራል» ይላል ተረቱ፤ ቅል ደግሞ አገሩ አፍሪካ ነው። በአሜሪካ ምድር ከዛሬ 10,000 ዓመት ገደማ ጀምሮ ሰው ሲገለገልበት የኖረው ቅል ከየት መጣ የሚለው ጥያቄ ሊቃውንትን ለረጅም ጊዜ ሲያከራክር ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ የዘረ መል ጥናት መነሻው አፍሪካ መሆኑን፣ አትላንቲክንም የተሻገረው ራሱ ተንሳፍፎ መሆኑን አመለከተ። ደርቆ፣ ዘሩን በሆዱ ይዞ፣ ያለ ቀዛፊ። ብዙ ኩባያ የሚሠራበት ፖሊፕሮፒሊን የተባለው ፕላስቲክም ከውኃ ይቀላል፤ እሱም ይንሳፈፋል፤ እሱም ውቅያኖስ ይሻገራል። ቅሉ ሲደርስ በቀለ፤ ፕላስቲኩ ሲደርስ ተከመረ። ዘላቂነት የምንለው ነገር ሁለት ጠባይ እንዳለው ከዚህ ይታያል። አንዱ ራሱን እየተካ ይኖራል፤ ሌላው ራሱን ሳይለውጥ ይኖራል። የመጀመሪያው ሟች ነው፣ ዘር አለው፤ ሁለተኛው አይሞትም፣ ዘርም የለው።

በበናና በሐመር ዘንድ ግማሽ ቅል የቡና መጠጫ ነው። ከገለፈቱ የተፈላው ቡና በቅል ይቀዳል፤ አባወራው ጎንጨት አድርጎ እየረጨ ባርጆን ይጠራል። ባርጆ የኑሮ መቃናት ነው፤ ጤናው፣ ዝናቡ፣ የከብቱ መርባት ሁሉ በውስጡ አለ። ከሐመሮች ጋር ዓመታት የኖሩት ኢቮ ሽትሬከርና ጂን ላይዳል እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተሟቸው መጻሕፍት ይህን ኑሮ መዝግበውታል፤ ጂንካ ከተማ ላይ ያለው የደቡብ ኦሞ የምርምር ማዕከልና ሙዚየም ሲቋቋምም የሽትሬከር እጅ አለበት። የቡናው ዓይነት ቅል ተደፍቶ የበና ሴት ራስ ላይ የፀሐይ መከላከያ ሲሆን ደግሞ ገበያ የሄደ ሁሉ ያያል። አንድ ዕቃ መጠጫም ቆብም መሆኑ ድህነት የሚመስለው አለ። ለእኔ የሚታየኝ ግን ዕቃው ከሰውነት ጋር ምን ያህል እንደተላመደ ነው።

የቅሉን ጌጥ ስንመለከት አንድ እንግዳ ነገር እናገኛለን፤ ቅል የሚያጌጠው በመጎዳት ነው። በስለት ይጫራል፣ በጋለ ብረት ይተኮሳል። በላዩ የተጨመረ ቀለም የለም፤ ጌጡ ከገላው የተነሣው ነው። አስጌጪዋ የእያንዳንዱን ቅል ውፍረት በጣቷ ታውቀዋለች፤ ብረቱን ጠበቅ ካደረገችው ይበሳል፣ ካላላችው አይታይም። ስለዚህ ጌጡ ያማረ ነገር ብቻ ሆኖ አይቀርም። አንድ ሰው ለዚህ ቅል ጊዜ እንደሰጠ፣ ሊያበላሸው ይችል እንደነበረና እንደተጠነቀቀለት የሚመሰክር ነው። በብዙ የአፍሪካ አገሮች ደግሞ ቅል ሲሰነጠቅ በክር ይሰፋል፤ ስፌቱም ከጌጡ ይቆጠራል። የተሰበረበት ቦታ የጥንቃቄው ምስክር ሆነ ማለት ነው።

ከዚህ ወዲያ ፕላስቲኩን ያለ ታሪኩ መክሰስ ፍትሕ አይሆንም፤ ታሪኩ ደግሞ ከኦሞ ምድር ብዙ አይርቅም። በ19ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ የአሜሪካና የአውሮፓ የቢሊያርድ ኳስ ከዝሆን ጥርስ ይሠራ ነበር። ጥርሱ ሲወደድ አንድ የኒው ዮርክ ኩባንያ ምትክ ላገኘ ሰው አሥር ሺህ ዶላር እሸልማለሁ አለ። ጆን ዌስሊ ሃያት ሲለፋ ከርሞ ሴሉሎይድን አወጣ፤ እ.ኤ.አ. በ1872 ደግሞ ከወንድሙ ጋር የቀለጠውን ቁስ በግፊት የሚያስገባ ማሽን የባለቤትነት መብት አገኘ። የዛሬው የኢንጀክሽን ማሽን አያት ይህ ነው። በዚያው ዘመን መጨረሻ ከኢትዮጵያ ከሚወጣው ዋና ሸቀጥ አንዱ የዝሆን ጥርስ ነበር። የሃንጋሪው ከበርቴ ሳሙኤል ቴሌኪ እ.ኤ.አ. በ1888 ቱርካና ሐይቅ ሲደርስ ዝሆን እያደነ ነው የመጣው። ራስ ወልደ ጊዮርጊስ በ1890 ዓ.ም. እስከዚያው ሐይቅ ዘልቀው የዳግማዊ ምኒልክን ሰንደቅ ዓላማ ከተከሉ በኋላ የማጂና የኦሞ ዳርቻ የጥርስ፣ የባሪያና የጠመንጃ ንግድ መናኸሪያ ሆነ። ምትኩ በላብራቶሪ እየተወለደ ሳለ ዋናው ቁስ ከዚህ ምድር እየተጫነ ይወጣ ነበር።

ይህ ታሪክ ትምህርት አለው። ፕላስቲክ ሲወለድ ሕይወት ላለው ነገር ቤዛ ይሆናል ተብሎ ነው። በመጀመሪያ የዝሆኑን ጥርስ፣ ቀጥሎም የዔሊውን ቅርፊት ተክቷል። ርካሽ የሆነው ክቡር የሆነውን እንዲያድን ነበር ተስፋው። ኋላ የሆነው ሌላ ነው፤ የክቡሩን ቦታ ይዞ ክብሩን ግን አልወረሰም። የዝሆን ጥርስ ዋንጫ ያለው ሰው ይቆልፍበት ነበር። በፕላስቲክ ኩባያ ላይ የሚቆልፍ የለም።

አሁን ወደ ማሽኑ እንግባ፤ የፕላስቲኩን ጠባይ የሚያስረዳን እሱ ነው። ጣሊያናዊው ጁሊዮ ናታ እ.ኤ.አ. በ1954 ሚላን ላይ ፖሊፕሮፒሊንን በሥርዓት የተደረደረ ሰንሰለት አድርጎ ሠራው፤ መንገዱን ከከፈተለት ከጀርመናዊው ካርል ዚግለር ጋርም በ1963 የኖቤል ሽልማት ተካፈለ። ፋብሪካ ውስጥ ይህ ፕላስቲክ የምስር መጠን ባላቸው ፍሬዎች ይመጣል። ፍሬው ከላይ በማፍሰሻው ይገባል፤ በጋለ በርሜል ውስጥ የሚዞር ትልቅ ብሎን እየፈጨ፣ እያሸና እያቀለጠ ወደ ፊት ይገፋዋል። በብሎን የሚሠራውን ማሽን እ.ኤ.አ. በ1946 ያመጣው አሜሪካዊው ጄምስ ሄንድሪ ነው። ቁሱ በ160 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣል፤ ማሽኑ ግን ከ200 በላይ ያሞቀዋል፣ እንደ ልብ እንዲፈስ። ከዚያ በመቶዎች በሚቆጠር የከባቢ አየር ግፊት ሞልድ ወደሚባለው፣ ተገጥሞ ወደሚዘጋው ባለ ሁለት ክፍል የብረት ቅርጽ ይጋታል። በብረቱ ውስጥ የሚዞር ቀዝቃዛ ውኃ ያረጋዋል፤ ሞልዱ ይከፈታል፣ ዘንጎች ይገፉታል፣ ኩባያ ይወድቃል። ይህ ሁሉ የሚያልቀው በሴኮንዶች ነው።

ጥንካሬውም በዚህ መንገድ ውስጥ ይወሰናል። ጠንካራ ኩባያ ማለት ወፍራም ኩባያ የሚመስለው ብዙ ነው። ሆኖም ወፍራም ግድግዳ ቀስ ብሎ ይቀዘቅዛል፣ ሲቀዘቅዝ ይሰረጉዳል፣ ውስጡም ውጥረት ይይዛል። ጥንካሬ የሚመጣው ግድግዳው ሁሉም ጋ እኩል ሲሆን፣ ማዕዘኑ ሲለዝብ፣ ከንፈሩ ወደ ውጭ ሲታጠፍ ነው፤ ሹል ማዕዘን ባለበት ኃይል ይከማቻል፣ ስንጥቅ ከዚያ ይጀምራል። ኩባያ አፉ ሰፍቶ ታቹ የሚጠበውም ለዓይን ማማር ብቻ አይደለም፤ ትንሽ ካላዘነበለ ከሞልዱ አይወጣም። ገልብጣችሁ ታቹን ብታዩ መካከሉ ላይ ትንሽ ጠባሳ አለች፤ የቀለጠው ፕላስቲክ የገባባት በር ናት። ቅልም ከሐረጉ የተለየበት ምልክት አለው። ሁለቱም እምብርት አላቸው። የቅሉ እምብርት እናቱ ተክል መሆኗን ይናገራል፤ የኩባያው እምብርት እናቱ ብረት መሆኗን።

እዚህ ላይ አንባቢ «ልዩነቱ ሞልዱ ነዋ! ቅል እንደ ፈቃዱ ያድጋል፣ ፕላስቲክ በግዴታ ይቀረጻል» ሊል ይችላል። ታሪክ ግን ይህን አይደግፍም። ቻይናውያን ከብዙ ዘመን ጀምሮ ቅልን በሞልድ ያሳድጉ ነበር፤ በንጉሠ ነገሥት ካንግሺ ዘመን፣ ማለትም በ17ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻና በ18ኛው መጀመሪያ፣ ጥበቡ በቤተ መንግሥት ታላቅ ክብር አግኝቶ ነበር። ለጋው ቅል ሐረጉ ላይ እንዳለ ጌጥ በተቀረጸበት ቅርጽ ውስጥ ይገባል። ሲያድግ ቅርጹን ይሞላል፤ ሲከፈት አበባውና ጽሕፈቱ በገላው ላይ ጎልቶ ይወጣል። ጌጥን ከቅርጽ ጋር ባንድ ጊዜ ማውጣት፣ ፕላስቲክ ገና ሳይታሰብ፣ በቅል ላይ ተሠርቷል ማለት ነው። ስለዚህ ልዩነቱ መቀረጹ ላይ የለም። ልዩነቱ ያለው በጊዜው ነው፤ ቅሉ ቅርጹን ለመሙላት አንድ የእድገት ወቅት ይፈጅበታል፣ ፕላስቲኩ ከሴኮንድ አይዘልም። ከመቶው ቅል ስንቱ ቅርጹን በትክክል እንደሚሞላ ገበሬው አያውቅም። ፋብሪካው ያውቃል፤ ሁሉም። ሳይሳካ ሊቀር ይችል የነበረ ነገር ሲሳካ ይከበራል። ሊቀር የማይችል ነገር ሲሳካ ይቆጠራል እንጂ ማን ያከብረዋል?

ሌላም አለ። ሞልድ የሚሠራው ከጥሩ ብረት ነው፤ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ኩባያ ያወጣል። ዋጋው ስለሚከብድ ሥዕሉ፣ መጠኑ፣ የእጀታው ቅርጽ ሁሉ አስቀድሞ ተወስኖ ያልቃል። ከዚያ ወዲያ ውሳኔ የለም፤ ያለው ድግግሞሽ ነው። በፋብሪካው ውስጥ ዘላቂው ዕቃ ሞልዱ ነው፤ ይወለወላል፣ ቅባት ይቀባል፣ ሲጫር ይጠገናል። ለሞልዱ የሚደረገውን እንክብካቤ ያየ ሰው፣ የቅሏ ባለቤት ለቅሏ የምታደርገው ያው እንደሆነ ይገባዋል። እንክብካቤ ከዓለም አልጠፋም፤ ከኩባያው ወደ ኩባያው እናት ተዛውሯል።

ወደ ጌጡ እንምጣ። ፖሊፕሮፒሊን ቀለም አይወድም። ገጹ ከሌላ ነገር ጋር የመያያዝ ፍላጎቱ ዝቅተኛ ስለሆነ ቀለሙ ይንከባለልበታል፤ ለማተም መጀመሪያ ገጹን በእሳት ነበልባል ወይም በኤሌክትሪክ ብልጭታ ማስቆጣት ያስፈልጋል። በዚህ መንገድ የታተመው አበባ ኩባያው በአመድና በአሸዋ ሲታሸት ቀስ በቀስ ይለቃል። የተሻለው ዘዴ ሌላ ነው፤ ሥዕሉ በስስ የፕላስቲክ ቆዳ ላይ ታትሞ አስቀድሞ ሞልዱ ውስጥ ይለጠፋል፣ የቀለጠው ፕላስቲክ ከኋላው ሲገባ ቆዳውና ኩባያው ይዋሐዳሉ። ያ ሥዕል አይላጥም፣ አይለቅም። ኩባያው እስካለ ይኖራል።

የመሐንዲሱ ድል ይህ ነው፤ የኔም ጥርጣሬ እዚህ ላይ ይነሣል። ቀለምን የሚገፋው ያ ጠባይ ሙጫንም ይገፋል። ፖሊፕሮፒሊን ሲሰነጠቅ ማጣበቅ የሚያስቸግረው ማተም በሚያስቸግረው ምክንያት ነው። ጌጥን የማይቀበል ገላ ጥገናንም አይቀበልም። ፋብሪካው ይህን ችግር ለራሱ ፈታው፤ የራሱን ጌጥ በእሳትና በግፊት አዋሐደው። ለገዢዋ ግን አልፈታላትም። የእሷ ቀለም፣ የእሷ ክር፣ የእሷ ጭረት ቦታ የለውም፤ ኩባያው አልዱባ የሚደርሰው አምሮ፣ ጨርሶ፣ ተዘግቶ ነው። የጌጡ ዘላለማዊነት ለባለቤቷ ምንም አላስተረፈላትም።

ፀሐይ ደግሞ የራሷን ታደርጋለች። የቆላው ፀሐይ የፕላስቲኩን ሰንሰለት ትበጣጥሳለች፤ አምራቹ ገንዘብ አውጥቶ መከላከያ ካልጨመረበት ከንፈሩ ይነጣል፣ ይሻክራል፣ አንድ ቀን ሲነኩት ይፈረካከሳል። ቅል ሲያረጅ በቅባትና በጭስ እየጠቆረ፣ እየለሰለሰ ይሄዳል፤ አሮጌው ከአዲሱ ሊያምር ይችላል። ፕላስቲክ በተሠራባት ደቂቃ ከሁሉም ቀኑ የበለጠ ቆንጆ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚያገኘው ቁንጅና የለም። እያረጀ የማያምር ነገር ላይ ፍቅር መጣል ይከብዳል።

ቢሆንም የቅሉን ዘመን ብቻ ማወደስ የሚረሳው ነገር አለ፤ ቢያንስ ሁለት።

አንደኛው መስፈሪያ ነው። በገጠር ገበያ ኩባያ መጠጫ ብቻ አይደለም፤ ጣሳውም፣ ብርጭቆውም፣ ኩባያውም ይሰፈርባቸዋል። ቅል ከቅል አይተካከልም፤ በማን ቅል ይሰፈር የሚለው ራሱ ሙግት ነው። ከአንድ ሞልድ የወጣ ኩባያ ግን አልዱባም፣ ጂንካም፣ ዲመካም አንድ ነው። ደሃዋ እናት ቤቷ ባለው ኩባያ ለክታ መጭበርበሯን ማወቅ ትችላለች። «በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም» እንላለን፤ ቁናው ለሁሉም አንድ ሲሆን ነው ተረቱ ፍርድ የሚሆነው። ለጌጥ ድህነት የሆነው ተመሳሳይነት ለፍትሕ ሀብት ነው።

ሁለተኛው ይከብዳል። ከአሪ ደጋ የሚመጣውን ሸክላ የሚሠሩት ሴቶች ማና ከሚባለው የእጅ ባለሙያ ወገን ናቸው። ገበሬው ወገን ከነሱ ጋር ሳይጋባ ኖሯል፤ በእጃቸው ሥራ እየበላ እነሱን አርቋል። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ የዘረ መል ጥናት የአሪ ብረት ሠሪዎችና ገበሬዎች ባለፉት 4,500 ዓመታት ውስጥ ከአንድ ምንጭ እንደተለያዩ፣ ያራራቃቸውም የመገለሉ ልማድ እንደሆነ አሳይቷል። የእጅ ዕቃ ከሠሪው ጋር ያገናኘናል ብለን ስናወድስ፣ ያ ግንኙነት ንቀትም እንደነበረበት መርሳት የለብንም። ፕላስቲክ ኩባያ ሠሪው አይታወቅም፤ ከማን እጅ ወጣ ተብሎ የሚጸየፈው የለም። የእጅ መሰወር ነጻነትም ነው። ግን ያው ኩባያ የሸክላ ሠሪዋንም ገበያ ይወስድባታል፤ ንቀቱን ሳያነሣላት እንጀራዋን ያነሣባታል። ስለዚህ እዚህ ላይ ንጹሕ ዕቃ የለም፤ ሁለቱም ዕዳ አለባቸው።

አንድ ጠንካራ ተቃውሞ ይቀራል። ሲኒያችንን ተመልከቱ። ከባሕር ማዶ ፋብሪካ የመጣ፣ በሺህ የሚቆጠር መንትያ ያለው፣ ጌጡ እኛ ሳንጠየቅ የተሣለ ዕቃ ነው። ሆኖም ከኛ ሲኒ የበለጠ የኛ የሆነ ምን አለ? ታዲያ የፋብሪካ ጌጥ ሰውን ከዕቃ ማስተሳሰር አይችልም ማለት እንዴት ይቻላል?

ተቃውሞው እውነት አለው፤ መልሱም ከውስጡ ይገኛል። ሲኒን የኛ ያደረገው ሥዕሉ አልነበረም። አቦል፣ ቶናና በረካ ነው፤ ረከቦቱ፣ ዕጣኑ፣ የጎረቤት ጥሪው ነው። ሲኒ ተሰባሪም ስለሆነ ሲያነሡት በጣት ጫፍ ነው፣ ሲያጥቡት በዝግታ ነው፤ ከስድስቱ አንዱ ሲጎድል ይታወቃል። በአልዱባ ቅሉን የከበበው የባርጆ ጥሪም እንዲሁ ነው። ዕቃ የሚወደደው በዙሪያው በሚደጋገም ሥራ ነው፤ ጌጡ ያ መደጋገም የሚያርፍበት ቦታ ነው። የፕላስቲክ ኩባያ ጌጥ አለው፣ ሥርዓት ግን የለውም። ለማንኛውም ነገር ስለሚሆን ለአንዱም አይሰየምም። ቶሎ ስለማይሰበርም እጃችንን ጥንቃቄ አላስተማረውም።

ሰው ግን ሞኝ አይደለም፤ ፋብሪካ የዘጋውን በር ይከፍታል። በቦኖ ወረፋ ላይ ቢጫ ጀሪካን ሁሉ አንድ ስለሆነ ባለቤቷ እጀታው ላይ ጨርቅ ታስራለች፣ ወይ በጋለ ሚስማር ምልክት ታደርግበታለች። ጀሪካን ሲቀደድ ጠጋኙ ብረት አግሎ በሌላ ፕላስቲክ ቁራጭ ይደፍነዋል፤ ሙጫ እምቢ ያለው ገላ ለእሳት እሺ ይላል። የጋለው ብረት ቅሉን የሚያስጌጠው ያው ብረት መሆኑን ልብ በሉ። በደቡብ ኦሞ ደቡባዊ ጫፍ የዳሰነች ሴቶች የተጣለውን የጠርሙስ ቆርኪ በስተው፣ በክር ደርድረው የራስ ጌጥ ያደርጉታል። የቢራ ፋብሪካው ቆርኪው አንዴ ተከፍቶ እንዲጣል ነው የሠራው። እነሱ ቀዳዳ በመጨመር ብቻ ሕይወቱን አስረዘሙት። በአዲስ አበባም የቆራሌው ጥሪና የምናለሽ ተራ መዶሻ ይህንኑ ይሠራሉ፤ የተጣለውን ወደ ስም ይመልሳሉ።

ሕጋችንም ሳያውቀው ይህን ጥያቄ ነክቶታል። አዋጅ ቁጥር 513/1999 ከ0.03 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ስስ የፕላስቲክ ከረጢትን ለመከልከል ሞክሯል፤ በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው አዲስ ሕግ ደግሞ ከረጢቱን ጨርሶ ከልክሎ ቅጣት አስቀምጦበታል። ከአዋጆቹ በስተጀርባ ያለው ሐሳብ ትክክል ነው፤ የፕላስቲክ ኃጢአት መኖሩ ሳይሆን፣ ለደቂቃ ሥራ የዘመናት ዕድሜ መያዙ ነው። በዚህ ሚዛን ጠንካራው ኩባያ ከፕላስቲክ ሁሉ የተሻለው ነው፤ የሥራው ዘመን ከገላው ዘመን ጋር ሊቀራረብ የሚችለው እሱ ነውና። ግን ሕግ ውፍረትን ሊለካ ይችላል እንጂ መሳሳትን አይለካም። ወፍራሙም ኩባያ ከተጣለ ወፍራም ቆሻሻ ነው።

እንግዲህ ለአምራቹ የምለው አለኝ። የኩባያህን ገላ በጌጥ አትጨርሰው። አንድ ቀለበት ያህል ቦታ ያለ ሥዕል ተውለት፤ የጋለ ሚስማር ስም ይጽፍበታል። እጀታው ላይ አንዲት ቀዳዳ ተው፤ ሞልዱ ላይ አንድ ቀጭን ዘንግ መጨመር ነው ሥራው፤ የበናዋ ልጅ ጠፍርና ጨሌ ታስርበታለች። ለፀሐዩ መከላከያውን ጨምርበት፣ ከአንተ የሚጠየቀው የመጀመሪያው ጥንካሬ ይህ ነውና። ሁለተኛውን ጥንካሬ አንተ ልትሠራው አትችልም፤ ለሚሠራው ሰው ቦታ መልቀቅ ግን ትችላለህ። የተሟላ ጌጥ ገዢውን ተመልካች ያደርገዋል፤ የጎደለ ጌጥ ባለቤት ያደርገዋል።

ለኛ ለተጠቃሚዎችም መለኪያ አለ፤ ውርስ ነው። ከእናቶቻችን ጀበና፣ ምንቸት፣ ቅል፣ ሲኒ ወርሰናል፤ ሲካፈሉም የተጣሉ እኅትማማቾች አሉ። በፕላስቲክ ኩባያ ላይ የተጣላ ወራሽ እስካሁን የለም፤ ከሟች ቤት መጀመሪያ የሚወጣው ዕቃ እሱ ነው። በኬሚስትሪ ከሁሉም ይቆያል፣ በቤተሰብ ግን አንድ ትውልድ እንኳ አይሻገርም። ስለዚህ የኩባያን ዘላቂነት ከከፍታ ጥለው የሚፈትኑት ሰዎች ግማሹን ፈተና ብቻ ነው የሚያደርጉት። ቀሪው ግማሽ በልጆች መካከል «ያቺ የእናቴ ናት፤ ለኔ ትሁን» የሚል ድምፅ ይነሣ እንደሆነ መጠየቅ ነው። ይህን ፈተና ያለፈ ኩባያ ከቅልም ይሠራ ከፖሊፕሮፒሊን ጠንካራ ነው፤ ያላለፈው ሺህ ዓመት ቢቀመጥም ቆየ እንጂ ኖረ አይባልም።